ዴክ ከመግዛታችሁ በፊት ካርቶኑን አውርዱ

ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ እኛ ብሎክ ውስጥ፣ ካርቶን የሌለው ቤት የለም ማለት ይቻላል። ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው ቁም ሳጥን ላይ ነው። ውስጡ ዲስክ አለ። የሠርግ፣ የክርስትና፣ የምረቃ፣ ከቪዲዮ ቤት ተከራይተን ሳንመልሰው የቀረ ፊልም። ማጫወቻው ግን የለም። ወይ ተበላሽቷል፣ ወይ ከመሃል ከተማ ወደዚህ ስንገባ ዕቃ ሲጫን ጠፍቷል፣ ወይ ቁራሌው ወስዶታል።

ቅዳሜ ጠዋት ጎረቤቴ አንኳኩ። ጡረታ የወጡ መምህርት ናቸው። ብሎኩ በሙሉ «እትዬ» ነው የሚላቸው። በነጭ ወረቀት የተጠቀለለ ዲስክ ይዘዋል።

«አንተ ልጅ፣ ይሄን የሚከፍት ዴክ ልገዛ ነው። ትንሿ ልጄ ከዱባይ ብሉ ሬይ የሚባል ልላክልሽ ትለኛለች። ባለሱቁ ደግሞ ፎር ኬ ያለውን ይውሰዱ ይለኛል። እኔ የታላቅየዋን ሠርግ ማየት ነው የምፈልገው። የቱን ልግዛ?»

«እስቲ መጀመሪያ ካርቶኑን እናውርደው እትዬ» አልኳቸው።

አወረድነው። 31 ዲስክ ወጣ። 19ኙ ቪሲዲ፣ 10ሩ ዲቪዲ፣ 2ቱ የመዝሙር ሲዲ። ብሉ ሬይ አንድም የለም። መልሱ እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ነበር ማለት ነው። ለምን እንደሆነ ለማስረዳት ግን ሁለት ሲኒ ቡና ፈጅቶብኛል። ለእሳቸው ያልኩትን ነው እዚህ የምጽፈው።

ዲስክ የሚባል ነገር አሁንም አለ እንዴ?

አለ። ግን ፋብሪካዎቹ አንድ በአንድ እየወጡ ነው። ሳምሰንግ ለአሜሪካ ገበያ አዲስ የብሉ ሬይ ማጫወቻ መሥራት እንዳቆመ የተሰማው እ.ኤ.አ. በ2019 ነው። ኔትፍሊክስ ሥራውን የጀመረው ዲቪዲ በፖስታ እያከራየ ነበር፤ ያንን አገልግሎት በ2023 ዘጋው። በ2024 መጨረሻ ደግሞ ኤልጂ የብሉ ሬይ ማጫወቻ ማምረት ማቆሙ ተነገረ።

እኛ ዘንድም ፊልሙ ወደ ዩቲዩብ፣ ዘፈኑ ወደ ስልክ ሄዷል። ታዲያ ዴክ ለምን ይገዛል? ለካርቶኑ ነው። ካርቶኑ ውስጥ ያለው ክርስትና ዩቲዩብ ላይ የለም።

ሁሉም ክብ ነው፤ ልዩነቱ ምንድን ነው?

እንጀራ ሲጋገር አይታችኋል። ሊጡ ከምጣዱ ጠርዝ ይጀምርና እየዞረ ወደ መሃል ይገባል። ዲስክ የዚህ ተገላቢጦሽ ነው። መረጃው ከመሃሉ ቀዳዳ አጠገብ ይጀምርና እየዞረ ወደ ጠርዝ ይወጣል። እንደ እንጀራውም ዓይን አለው። መስመሩ ላይ በባዶ ዓይን የማይታዩ ጥቃቅን ጉድጓዶች ተደርድረዋል። ዴኩ ዲስኩን ያሽከረክርና ከሥር ሌዘር ያበራበታል። ብርሃኑ ሜዳው ላይ ሲያርፍ አንድ ዓይነት፣ ጉድጓዱ ላይ ሲያርፍ ሌላ ዓይነት ሆኖ ይመለሳል። ዴኩ ይህን መለዋወጥ አንብቦ ምስልና ድምፅ ያደርገዋል። እንጀራውን አትርሱት፤ ኋላ ሱቅ ስንገባ እንፈልገዋለን።

የዲስኮቹ ልዩነት የብዕሩ ውፍረት ነው። ብራና ላይ በወፍራም መቃ የሚጽፍ ሰው በአንድ ገጽ ጥቂት መስመር ያስገባል። መቃውን ያቀጠነ በዚያው ገጽ ብዙ ይጽፋል። ሁሉም ዲስክ ወርዱ 12 ሴንቲ ሜትር ነው፤ ገጹ አንድ ነው። ሲዲ ላይ ከአንዱ መስመር እስከ ቀጣዩ ያለው ርቀት 1.6 ማይክሮን ነው። ማይክሮን ማለት አንድ ሚሊ ሜትር ለሺህ ሲካፈል ነው። ዲቪዲ ላይ 0.74 ነው። ብሉ ሬይ ላይ 0.32። ስለዚህ ሲዲ 700 ሜጋ ባይት ያህል ሲይዝ፣ ዲቪዲ 4.7 ጊጋ፣ ብሉ ሬይ 25 ጊጋ ይይዛል። መረጃው በሁለት ንብርብር ከተጻፈ ዲቪዲው 8.5፣ ብሉ ሬዩ 50 ይደርሳል።

የቀጠነ ጽሑፍ የቀጠነ ብርሃን ይፈልጋል። ሲዲ የሚነበበው ዓይን በማያየው ሌዘር ነው። ዲቪዲ በቀይ ሌዘር ይነበባል። ብሉ ሬይ ወደ ሰማያዊ በሚያደላ ሐምራዊ ሌዘር ይነበባል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው። ዲቪዲ ዴክ ብሉ ሬይ ዲስክ አልከፍትም የሚላችሁ ለዚህ ነው። የሶፍትዌር ጉዳይ አይደለም። የሌንሱ ዓይን አልደረሰበትም።

ቪሲዲስ? ቪሲዲ ሲዲ ነው። ሲዲ ላይ ፊልም ተጨምቆ ሲጻፍ ቪሲዲ ይባላል። አንዱ ዲስክ ከአንድ ሰዓት ከሩብ ያህል አያልፍም። በዚያ ዘመን አንድ ፊልም «ሲዲ 1» እና «ሲዲ 2» ተብሎ የሚመጣው ለዚህ ነበር። ልጅቷ ልትናገር ስትል ፊልሙ ያልቅና ተነስቶ የሚቀይር ሰው ይፈለጋል። እኛ ቤት ሁልጊዜ እኔ ነበርኩ።

ካርቶናችሁ ውስጥ ያለውን ለመለየት ዲስኩ ወይም ሽፋኑ ላይ ያለውን ምልክት እዩ። ምልክት ከሌለው ገልብጡት። በቤት ወይም በስቱዲዮ የተቀዳ ዲቪዲ ሥሩ ወደ ወይን ጠጅ ያደላል። የተቀዳ ሲዲና ቪሲዲ ብዙ ጊዜ ፈዘዝ ያለ አረንጓዴ ወይም ብርማ ነው። ኦሪጅናል ብሉ ሬይ አብዛኛውን ጊዜ የሚመጣው በሰማያዊ ፕላስቲክ መያዣ ነው።

ታዲያ ውዱ ሁሉንም ስለሚያነብ እሱን ብገዛ አይሻልም?

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ዋጋው ከፍ ያለው ዴክ ታችኛውን ሁሉ የሚያነብ ይመስላል። ብሉ ሬይ ማጫወቻ ዲቪዲ ያነባል፤ እውነት ነው። ቪሲዲ ላይ ሲደርስ ግን ብዙዎቹ ይለግማሉ። ብሉ ሬይ ሲሠራ ቪሲዲ አውሮፓና አሜሪካ ውስጥ ድሮም ያልተለመደ ነገር ስለነበር ፋብሪካው አልተጨነቀበትም። ቪሲዲ የነገሠው በእስያና በእኛ ዓይነት አገር ነው። በአንጻሩ በርካሽ የሚሸጠው የቻይና ዲቪዲ ዴክ ቪሲዲን ከልቡ ያውቀዋል። ካርቶኑ የሱ አገር ሰው ነው።

እትዬ ጋ ይህን በቁጥር እንየው። ልጃቸው ብሉ ሬይ ብትልክላቸው 19ኙ ቪሲዲ ሳይከፈት የመቅረት ዕድሉ ሰፊ ነው። ርካሹ ዲቪዲ ዴክ ግን 31ዱንም ያነባል። ለዚህ ካርቶን ርካሹ ከውዱ ይበልጣል።

ብሉ ሬይ የሚያዋጣው ሰው አለ። ከውጭ ኦሪጅናል ብሉ ሬይ ዲስክ የሚያመጣለት ዘመድ ያለው፣ ቴሌቪዥኑ ትልቅ የሆነ፣ ፊልም ሲያይ የተዋናዩ ፊት ቆዳ ላይ ያለችው ነጥብ ጭምር እንድትታየው የሚፈልግ ሰው። እንዲህ ያለ ሰው ደግሞ መጀመሪያ ልጁን ይጠይቅ። ቤት ውስጥ ፕሌይስቴሽን 3 ካለ ብሉ ሬይ ማጫወቻ አለ ማለት ነው። ፕሌይስቴሽን 4ም ብሉ ሬይና ዲቪዲ ይከፍታል። የዘፈን ሲዲ ግን አይከፍትም። ቪሲዲም ከሁለቱ አትጠብቁ።

ፎር ኬውስ?

በቴሌቪዥን ላይ ያለ ምስል የነጥብ ድርድር ነው። ቪሲዲ 352 በ288 ነጥብ አለው፤ ሲባዛ መቶ ሺህ ገደማ ነው። ዲቪዲ 720 በ576 ነው፤ ከ400 ሺህ ትንሽ ያልፋል። ብሉ ሬይ 1920 በ1080 ነው፤ ሁለት ሚሊዮን ያህል። ፎር ኬ 3840 በ2160 ነው፤ ከስምንት ሚሊዮን በላይ። ፎር ኬ ከዲስክ ለማየት እ.ኤ.አ. በ2016 የወጣው የብሉ ሬይ ዓይነት ዲስክ፣ እሱን የሚያነብ ማጫወቻና ፎር ኬ ቴሌቪዥን፣ ሦስቱም አንድ ላይ መገኘት አለባቸው። ዲስኩ ከሌላችሁ ሌላው ሁሉ ጌጥ ነው።

ርካሽ ዲቪዲ ዴክ ካርቶን ላይ «1080» ወይም «ፉል ኤችዲ» ተጽፎ ታያላችሁ። ሻጩ አልዋሸም፤ ግን ሙሉውን አልነገራችሁም። ዴኩ የዲቪዲውን 400 ሺህ ነጥብ ለጥጦ ሁለት ሚሊዮን ቦታ ላይ ያሰፍረዋል። እንግዳ ሲበዛ ወጡ ላይ ውኃ እንደመጨመር ነው። ወጡ ለሁሉም ይዳረሳል፤ ሥጋው ግን ያው የነበረው ነው። ዴኩ ባይለጥጠው እንኳ ቴሌቪዥኑ ራሱ ይለጥጠዋል። ስለዚህ ለዚህች ጽሑፍ ብላችሁ ተጨማሪ ብር አትክፈሉ።

ዋጋ ካነሳን አይቀር፣ እዚህ ላይ ብር በቁጥር ያልጻፍኩት ሆን ብዬ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ ምንዛሪው በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ ጀምሮ፣ የኤሌክትሮኒክስ ዋጋ ጠዋትና ማታ አንድ አይደለም። ሦስት ሱቅ ጠይቃችሁ መሃለኛውን ያዙ።

ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ምን ልፈልግ?

ይህን ሳታዩ ሱቅ አትሂዱ። ስልካችሁን አውጡና የቴሌቪዥኑን ጀርባና ጎን ፎቶ አንሱ። ባለሱቁን በቃል ከማስረዳት ፎቶው ይሻላል።

ጠፍጣፋዋ ቀዳዳ ኤችዲኤምአይ ናት። ምስልና ድምፅ በአንድ ገመድ ያልፍባታል። ዴኩም ቴሌቪዥኑም ካላቸው ነገሩ አለቀ። ብዙ ቤት ግን አንዷን ሪሲቨሩ ይዟታል። ሁለተኛ መኖሯን እዩ።

ኤችዲኤምአይ የሌለው ዴክ ሦስት ገመድ አለው፤ ቢጫ፣ ነጭና ቀይ። ቢጫው ምስል ነው። ነጩና ቀዩ ድምፅ ናቸው። ችግሩ አዳዲሶቹ ቴሌቪዥኖች ላይ ቢጫ ቀዳዳ መጥፋቱ ነው። እትዬ ቴሌቪዥን ላይ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ፣ ከዚያ ነጭና ቀይ ነው ያለው። ቢጫ የለም። «ይኸው አይገባም» ብለው ተስፋ ቆረጡ። ብዙ ቴሌቪዥን ላይ ቢጫው የሚሰካው አረንጓዴው ላይ ነው። አጠገቡ «ኤቪ» የሚል ጽሑፍ ወይም ቢጫ ክብ ካለ እሱ ነው። ሰክታችሁት ምስሉ ጥቁርና ነጭ ከሆነ ዕቃው አልተበላሸም። በሪሞቱ የቴሌቪዥኑን መግቢያ «ኤቪ» ላይ አድርጉት። ቀለሙ ይመለሳል።

አንዳንዱ ቴሌቪዥን ደግሞ እንደ ስልክ ማዳመጫ ያለች ትንሽ ክብ ቀዳዳ ብቻ ነው ያለው። ለሷ ቢጫ፣ ነጭና ቀዩን ወደ አንድ የሚሰበስብ አጭር ገመድ አለ። ገመዶቹ ይመሳሰላሉ እንጂ ውስጣቸው አንድ አይደለም። ያልሆነውን ከሰካችሁ ምስሉ ይጠፋና ድምፁ ይጮሃል። ከቴሌቪዥኑ ጋር የመጣውን ፈልጉ። መሳቢያ ውስጥ ከድሮ ቻርጀሮች ጋር ተጠላልፎ የመገኘት ዕድል አለው።

ምስሉ ከወጣ በኋላ ሰው ሁሉ ወፍሮ ከታያችሁ አትደንግጡ። የድሮ ቪዲዮ የተቀረጸው ለድሮው፣ ወደ አራት ማዕዘን ለሚጠጋው ስክሪን ነው። አዲሱ ቴሌቪዥን ሰፊ ስለሆነ ወደ ጎን ይጎትተዋል። ከሪሞቱ ላይ የምስሉን ቅርፅ «4:3» አድርጉት። በሁለቱ ጎን ጥቁር ይቀራል፤ ሙሽራዋ ግን ወደ ልኳ ትመለሳለች።

ከውጭ የሚመጣ ዴክ ይሠራል?

እንደ አገሩ ነው። መጀመሪያ የኤሌክትሪኩን ነገር እዩ። የእኛ 220 ቮልት ነው። የአሜሪካ 120 ነው። የዴኩን ጀርባ አንብቡ። «100–240» ካለ ምንም ሳትፈሩ ሰኩት፤ የሶኬት ማስማሚያ ብቻ ይበቃዋል። «120» ብቻ ካለ አትሰኩት።

ይህን የተማርኩት ተቃጥሎብኝ ነው። አክስቴ ከአሜሪካ ስትመጣ በሻንጣዋ አንድ የሚያብረቀርቅ ማጫወቻ ይዛልን መጣች። ሶኬቱ አልገባ ሲለኝ ማስማሚያ ገዛሁና ደስ ብሎኝ ሰካሁት። ጭር አለ። ቀጥሎ የተቃጠለ ፕላስቲክ ሽታ መጣ። ማስማሚያ የሶኬቱን ቅርፅ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም። ቮልት የሚቀንሰው ትራንስፎርመር ነው። አክስቴ ቡና እየጠጣች «ይሸታል» አለች፤ እኔ «ከውጭ ነው» አልኳት።

ከዱባይ የሚመጣ በዚህ በኩል አያስቸግርም። ቮልታቸው ከእኛ ጋር ይቀራረባል። ሶኬታቸው ግን ባለ ሦስት ጥርሱ የእንግሊዝ ዓይነት ነው።

ሌላው አጥር ሪጅን ይባላል። የፊልም ኩባንያዎች ዓለምን በቀጠና ከፋፍለው ዲቪዲና ዴክ ላይ ቁጥር አስቀምጠዋል። የአንዱ ቀጠና ዲስክ በሌላው ዴክ እንዳይከፈት ነው። አሜሪካና ካናዳ 1 ናቸው። አውሮፓ፣ ጃፓንና መካከለኛው ምሥራቅ 2። ኢትዮጵያ ከአብዛኛው አፍሪካ፣ ከሕንድና ከሩሲያ ጋር 5 ውስጥ ናት። ዲስኩ ሽፋን ላይ በሉል ሥዕል ውስጥ የተጻፈች ቁጥር አለች፤ እሷ ናት። ከአሜሪካ የመጣ ኦሪጅናል ዲቪዲ ዱባይ በተገዛ ዴክ እምቢ ሊል የሚችለው ለዚህ ነው። ብሉ ሬይ በቁጥር ፈንታ ፊደል ይጠቀማል። እኛ ከአውሮፓና ከመካከለኛው ምሥራቅ ጋር «ቢ» ነን፤ አሜሪካ «ኤ» ናት። የፎር ኬው ዲስክ ይህ አጥር የለበትም።

የሠርግና የክርስትና ዲስክ ሪጅን የለውም፤ በቤት የተቀዳ ስለሆነ። ብዙ ርካሽ ዴክም ሁሉን ሪጅን ተቀብሎ ነው የሚሸጠው። ሱቅ ውስጥ «ኦል ሪጅን ነው?» ብላችሁ ጠይቁ፤ ቃሉን ያውቁታል።

ፍላሽ ያጫውታል ሲሉኝ ምን ማለታቸው ነው?

ዴኩ ፊት ላይ የፍላሽ ቀዳዳ አለ ማለታቸው ነው። ማንኛውንም ፊልም ይከፍታል ማለታቸው አይደለም። ርካሽ ዲቪዲ ዴክ በአብዛኛው የሚያውቀው የድሮውን «ኤቪአይ» ዓይነት ፋይልና የዘፈን «ኤምፒ3» ነው። ዛሬ በስልክ የምንቀዳውና ከቴሌግራም የምናወርደው «ኤምፒ4» ብዙ ጊዜ አይከፈትበትም፤ ወይም ድምፅ ብቻ ይሰጣል። ፍላሹም «ፋት 32» በሚባለው አሠራር ፎርማት መደረግ አለበት። በዚያ አሠራር ደግሞ አንድ ፋይል ከ4 ጊጋ መብለጥ አይችልም። በአማርኛ የተጻፈ የፋይል ስም ብዙዎቹ ላይ አራት ማዕዘን ሳጥን ሆኖ ይመጣል፤ በላቲን ፊደል ስሙን ቀይሩት።

በእኔ ግምት ለፍላሽ ብላችሁ ዴክ አትምረጡ። ቴሌቪዥናችሁ ፍላሽ የሚቀበል ከሆነ ከዴኩ የተሻለ ያነባል።

ያገለገለ ልግዛ?

ብትሞክሩ ምንም አይደለም ባይ ነኝ፤ ግን ሱቁ ውስጥ ሳታዩት ብር አታውጡ። አሁን እንጀራውን አምጡት።

ዲስክ ከመሃል ወደ ጠርዝ ነው የሚነበበው ብለናል። ሻጩ ዲስክ አስገብቶ መጀመሪያዋን ሁለት ደቂቃ ያሳያችኋል። ያ መሃሉ ነው፤ ደካማ ሌንስም መሃሉን ይችለዋል። እናንተ ወደ ፊልሙ መጨረሻ ግፉት። ጠርዙ ላይ ምስሉ ከተቆራረጠ ሌንሱ ደክሟል፤ ተዉት።

ሌላ ነገር አለ፤ እኔም የሰማሁት ከአንድ ጥገና ቤት ነው። ዲቪዲ ዴክ ውስጥ ሁለት ሌዘር ነው ያለው። አንዱ ለዲቪዲ፣ አንዱ ለሲዲ። አንዱ ሲሞት ሌላው ይሠራል። ስለዚህ ዲቪዲ ከፈተ ማለት ቪሲዲ ይከፍታል ማለት አይደለም። ሁለት ዲስክ ከቤት ይዛችሁ ሂዱ፤ አንድ ዲቪዲ፣ አንድ ቪሲዲ። የራሳችሁን ነው የምላችሁ፤ የሻጩ ዲስክ የሻጩን ዴክ ያውቀዋል።

ሪሞቱ መኖሩንም እዩ። ርካሽ ዴክ ላይ ያሉት ቁልፎች መክፈቻና ማጫወቻ ብቻ ናቸው። ቋንቋ፣ የምስል ቅርፅ፣ ኤችዲኤምአይ፣ ሁሉም የሚስተካከለው በሪሞቱ ነው። ሪሞት የሌለው ዴክ እግሩ የታሰረ በቅሎ ነው።

አቧራና መብራት

እዚህ ሰፈር አቧራ ጎረቤት ነው። የውስጥ ለውስጡ መንገድ ገና ነው፤ ግንባታውም አላለቀም። ሌንስ ደግሞ አቧራ አይወድም። ዳንቴል ማልበስ ጥሩ ነው፤ ሲበራ ግን አንሱለት፤ መተንፈሻው ይታፈናል። ሙቀት ከሚያወጣው ሪሲቨር ላይም አትደርቡት። መብራት ሲሄድ ሶኬቱን ንቀሉ። ዕቃ የሚያቃጥለው መሄዱ ሳይሆን አመጣጡ ነው።

ዲስክ ሲቆሽሽ ሰው በክብ ነው የሚጠርገው፤ ልክ እንደ ሰሃን። ስህተት ነው። መስመሩ ክብ ስለሆነ በክብ የተጫረ ጭረት አንዱን መስመር ይዞ ይሄዳል። በለስላሳ ጨርቅ ከመሃል ቀጥ አድርጋችሁ ወደ ጠርዝ ጥረጉ። መስመሩን አቋርጣ ያለፈች ጭረት ብትኖር እንኳ ዴኩ ብዙ ጊዜ ዘሎ ያልፋታል።

የሠርጉ ዲስክ ምን ሆነ?

እትዬ ርካሹን ገዙ። ቢጫውን አረንጓዴው ላይ ሰካሁት። ጥቁርና ነጭ ሆነ፤ አስተካከልነው። ሙሽራዋ ወፍራ መጣች፤ እሷንም አስተካከልናት። ሽማግሌዎቹ፣ ሚዜዎቹ፣ ቤተ ክርስቲያኑ፣ አዳራሹ፣ ሁሉም አለፈ። መልሱ ላይ ሲደርስ ምስሉ ቀጥ አለ። አባትየው ልጃቸውን ሊመርቁ ቆመው፣ አፋቸው እንደተከፈተ። እኚያ አባት አሁን በሕይወት የሉም። እትዬ ምንም አላሉም። ሻሻቸውን ፈትተው ማሰር ጀመሩ።

መልሱ የሠርጉ መጨረሻ ነው፤ የሠርጉ መጨረሻ ደግሞ የዲስኩ ጠርዝ ነው። በቤት የተቀዳ ዲስክ መጀመሪያ የሚጎዳው ብዙ ጊዜ እዚያ ነው። ጣታችን የሚይዘው ጠርዙን ነው። ከዚያም በላይ፣ የተቀዳ ዲስክ የፋብሪካው ዓይነት ጉድጓድ የለውም። ሌዘር ያጠቆረው ቀለም ነው ያለው። ያ ቀለም በፀሐይና በሙቀት ቀስ እያለ ይለቃል። ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር፣ ቁም ሳጥን ላይ የከረመ ካርቶን ደግሞ ሙቀቱ ቀላል አይደለም።

አወጣሁት። የዓይን መነጽር በሚጠረግበት ጨርቅ ከመሃል ወደ ጠርዝ ጠረግሁት። መለስኩት። ትንሽ ተንተባተበና አለፈ። አባትየው መረቁ።

የዚያኑ ቀን ማታ ላፕቶፔ ላይ የሚሰካ የዲቪዲ ድራይቭ ተዋስኩ። በቤት የተቀዳ ዲቪዲ አይቆለፍም። ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት «ቪዲዮ ቲኤስ» የሚል ፎልደር አለው፤ ውስጡ መጨረሻቸው «ቪኦቢ» የሆኑ፣ እያንዳንዳቸው 1 ጊጋ የማይሞሉ ፋይሎች አሉ። እነሱን ወደ ፍላሽ መገልበጥ ብቻ ነው። ቪሲዲ ከሆነ ፎልደሩ «ኤምፔግ ኤቪ»፣ ፋይሉ «ዳት» ይባላል። ሁለቱንም ቪኤልሲ የሚባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም ይከፍታቸዋል። ኮምፒውተሩ አንዱን ፋይል አላነብም ካለ ድራይቩን ቀይራችሁ ሞክሩ፤ አንዱ ድራይቭ ያቃተውን ሌላው የሚያነብበት ጊዜ አለ። ቅጂውንም ሁለት ቦታ አስቀምጡ፤ ፍላሽም ይጠፋል።

የመልሱን ፋይል ለትንሿ ልጅ በቴሌግራም ላክሁላት። ከዱባይ በድምፅ መለሰች፤ ሁለት ደቂቃ ሙሉ፣ አብዛኛው ለቅሶ ነው። እትዬ ስልኩን ከእጄ ወስደው ሁለት ጊዜ ሰሙት።

«በል፣ እነዚያን ቪሲዲዎች ለነገ» አሉኝ። 19 ናቸው።